የከርሰ ምድር ውሃና የምድር መደርመስ



በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ዋልት ዲስኒ ወርልድ የተባለው ታላቅ የመዝናኛ ስፍራ የቆመበት አገር ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ውሃ እያሟሟ ዋሻ ያደርገዋል፤ ዋሻውን የሞላውም ውሃ ጣራውን ይደግፋል። ውሃው ያለ ልክ ሲሳብ ድጋፉ ይጎድላል፤ ምድሪቱም ትደረመሳለች።

ከዚያ በስተ ምዕራብ ባለችው በፕላንት ሲቲ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 2010፣ ገበሬዎች እንጆሪያቸውን ከውርጭ ለማዳን 11 ቀን ውሃ ሳቡ። የከርሰ ምድሩ ውሃ 18 ሜትር ያህል ወረደ፤ 140 ያህል ስፍራዎች ተደረመሱ፤ የጎረቤቶችም ጉድጓድ ደረቀ። ስለዚህ የውሃ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት በ2011 ደንቡን አጠበቀ።

የመዝናኛው ስፍራም የሚጠጣውን ውሃ ከከርሰ ምድር ቢቀዳም፣ ሣርና አትክልት የሚያጠጣው በተጣራ ፍሳሽ ነው።

እንግዲህ ከምድር በታች የተሰወረው ውሃ የጋራ ምሰሶ ነው፤ ለራሱ ሰብል ሲል ያለ ልክ የሚስብ ሰው የጎረቤቱን ቤት መሠረት እንደሚነካ ይወቅ።