ቫይረስ ያደረበት የወይን ተክልና ሁለቱ ሚልዲዎች



«ደካማ ተክል የበሽታ ሁሉ ማደሪያ ነው» እያልሁ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። ዛሬ ይህን አባባሌን፣ ቢያንስ በወይን ተክል ረገድ፣ ላርም እወዳለሁ። ያነሣሣኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ቫይረስ በያዘው ረድፍ ላይ ፓውደሪ ሚልዲው አነስ ብሎ ቢያገኘው፣ «ታዲያ ለምን እንነቅለዋለን?» አለኝ።

ፓውደሪ ሚልዲውና ዳውኒ ሚልዲው በስም እንጂ በዘር አይዛመዱም። የመጀመሪያው ፈንገስ ነው፤ ሁለተኛው ኦማይሲት ሲሆን ከፈንገስ ይልቅ ለቡናማ አልጌ ይቀርባል። ሁለቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ ተሻግረው ወይኑን ፈጁት። የጋራ ጠባያቸው ግን አንድ ነው፤ የሚመገቡት ከሕያው ሕዋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን የጠገበ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ለምለም ተክል ለእነርሱ ድግስ ነው። የእኔ አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሊፍሮል የተባለውን በሽታ እንውሰድ። ቫይረሱ በፍሎኤም ውስጥ ኖሮ ስኳር ከቅጠል ወደ ፍሬ እንዳይጓዝ ያውካል። በቀይ ወይን ላይ ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቅጠሉ ይቀላል፤ ጠርዙም ወደ ታች ይጠቀለላል። በቅጠሉ የተከማቸው ስኳር ለሚልዲው ቀለብ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። በአንጻሩ ቫይረሱ በሳሊሲሊክ አሲድ የሚመራውን የተክሉን መከላከያ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ይህም መከላከያ በሕያው ሕዋስ ላይ የሚኖሩ ተዋሲያንን ይገታል። የትኛው እንደሚያመዝን እንደ ቫይረሱ፣ እንደ ዝርያውና እንደ ቅጠሉ ዕድሜ ይለያያል።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው። የታመመ ተክል ቅጠሉ ይሳሳል፣ ፀሐይም ወደ ውስጥ ትገባለች። ፓውደሪ ሚልዲው በቅጠሉ ገጽ ላይ የሚያድግ ስለሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ይጎዳዋል። ስለዚህ ተማሪዬ ያየው የፀሐይን ሥራ እንጂ የመከላከያውን ላይሆን ይችላል። እነዚህን ለመለየት ከአንድ ክሎን የተገኙ፣ ቫይረስ ያለባቸውና የሌለባቸው ተክሎች ያስፈልጋሉ፤ ከቀንበጡ ጫፍ ተቆጥሮ እኩል ዕድሜ ያለው፣ መድኃኒት ያልተረጨ ቅጠል ተወስዶ በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር በሽታው ይከተብበታል።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ «ንቀለው» የሚል ነው። ቫይረሱ በማሳ ላይ መድኃኒት የለውም፤ ሚሊባግ ወደ ጎረቤት ተክል ያሻግረዋል፤ ከእርሱ የተቆረጠ ችግኝም ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ከመንቀልህ በፊት ቅጠሉን ሰብስብልኝ አልሁት።