ይቅር ለእግዚአብሔር ፦ በመፃጉዕ ሰንበት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ነው። በቅዱስ ያሬድ የጾመ ድጓ ሥርዐት ይህ ሰንበት መፃጉዕ ይባላል፤ ትርጓሜውም ድውይ ማለት ነው። በዚህ ዕለት ቤተ ክርስቲያን የምታነብልን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ይኖር የነበረውን፣ በደዌ 38 ዓመት የቆየውን ሰው ታሪክ ነው፤ ይኸውም በዮሐንስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ ይገኛል። እኔ ግን በዛሬው ንግግሬ ይህን ሰው ብቻውን ላቀርብላችሁ አልወደድሁም። በማርቆስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ ሌላ ሽባ አለ፤ አራት ሰዎች ወደ ቅፍርናሆም ተሸክመው ያመጡት፣ ሕዝቡም ደጁን ስላጨናነቀባቸው ጣራውን ነድለው በጌታ ፊት ያወረዱት ነው። ሁለቱም አልጋቸውን ተሸክመው ሄደዋል። ነገር ግን ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከታቸው የአንዱ ፈውስ ከሁለተኛው ፈውስ ጋር አንድ አለመሆኑን እናስተውላለን።

የቅፍርናሆሙን ሽባ ተሸክመው የመጡት ወዳጆቹ የፈለጉለት የእግር ብርታት ነበር። ጌታችን ግን ስለ እግሩ አንዳች ቃል ከመናገሩ በፊት ኀጢአቱ እንደ ተተወለት ነገረው። በዚያ ተቀምጠው የነበሩት ጻፎች ኀጢአትን የሚያስተሠርይ እግዚአብሔር ብቻ ነው ብለው በልባቸው አጉረመረሙ። እኛ ብንኖር ኖሮ ምናልባት በሌላ ምክንያት እናጉረመርም ነበር፤ ሰውየው የታመመው እግሩን ነው፣ የልቡን ነገር ምን አመጣው ባልን ነበር። የነፍሳችን መድኀኒት ግን ከሥሩ ጀመረ፤ በውስጥ ያለውን እስራት ፈታና በኋላ በውጭ ያለውን ፈታ።

የቤተ ሳይዳው ሰው ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ቢጠየቅ አዎን ብሎ አልመለሰም። የመለሰው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ ሲነሣም ሌላው ቀድሞት እንደሚገባ ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ 38 ዓመት የሰው ጀርባ ሲያይ የኖረ ሰው ከአፉ ሮሮ ቢወጣ ምን ያስደንቃል? ጌታም አልፈረደበትም፤ ፈወሰው፤ ኋላም በቤተ መቅደስ አግኝቶ ከቀድሞው የከፋ እንዳይመጣበት አስጠነቀቀው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያናችን እንደሚያስተምሩት ግን ይህ ሰው በዕለተ ዓርብ ከከሳሾቹ ጋር ቆሞ ያዳነውን ጌታ በጥፊ መታው። እግሩ ድኖ ልቡ ሳይድን ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ከ38 ዓመት በኋላ የቀናች ሰውነት ተነሥታ በመድኀኒቷ ላይ እጅዋን ዘረጋች።

እንግዲህ ስለ ይቅርታ ስንናገር ስለዚህ ስለ ውስጠኛው ደዌ መናገራችን ነው። ቂም የያዘ ሰው በሽተኛ ነው፤ ነገር ግን በሽታውን እንደ ክብር ስለሚቈጥረው ሐኪም አይፈልግም። የተበደለበትን ቀን፣ የተነገረበትን ቃል፣ በዚያ የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ከነስማቸው ያስታውሳል። ሌሊት እንቅልፍ ሲሸሸው ያልመለሰውን መልስ ይመልሳል፤ ያልተሟገተውን ሙግት ይሟገታል። የበደለው ሰው በዚያች ሰዓት በቤቱ ተኝቷል፤ ምናልባትም ነገሩን ረስቶታል። የዘመናችን ሐኪሞችም ቍጣ የልብን ምት እንደሚያፈጥንና የደምን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ይነግሩናል። ስለዚህ የቂመኛው ሰውነት በሌሊት ብቻውን በጦር ሜዳ ይውላል፤ ባላጋራው ግን አንድም ጥይት አይደርሰውም።

በአማርኛችን ያለውን ቃል እስኪ እንመርምረው። ይቅር የምንለው ቀረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ነገሩ ይቅር፣ አይነሣ፣ ከዚህ ወዲያ አይከተለን ማለት ነው። በጉባኤ ፊት ሲታረቁ ደግሞ ሽማግሌዎች ባለ በደሉን «ይቅር ለእግዚአብሔር» በል ይሉታል። ይህን ንግግር ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ጥልቀቱ አይታወቀንም። ለእግዚአብሔር ይቅር የሚል ሰው በደሉ በደል አይደለም አላለም፤ የፍርዱን መዝገብ ከእጁ አውጥቶ ለባለቤቱ አስረከበ እንጂ። እኔ ዳኛ ልሁን ማለቱን ተወ። መዝገቡን ተሸክሞ መዞር ያደከመው ሰው ሲያስረክበው እፎይ ይላል፤ ፈውሱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ የተናገረውን የሁለቱን ባለ ዕዳዎች ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ሒሳቡን ብዙዎቻችን አልቈጠርነውም። ለንጉሡ የነበረበት ዕዳ እልፍ መክሊት ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ሲሆን አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። እንግዲህ እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል፤ አንድ ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ይህን ለመክፈል 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። ታግሠኝ፣ ሁሉን እከፍልሃለሁ ያለው ሰው የሚናገረውን አያውቅም ነበር። ባልንጀራው ለእርሱ ያለበት ዕዳ ደግሞ 100 ዲናር ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰባክያን 100 ዲናሩን ከንቱ ነገር፣ የማይጠቀስ ሣንቲም አድርገው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። 100 ዲናር ሰንበታቱ ሲቀነሱ የአራት ወር ያህል ድካም ነው፤ ለድኻ ሰው የልጆቹ ቀለብ ነው። ጌታችን የእኛን ቍስል አላቃለለም። ወንድምህ ርስትህን ከወሰደብህ፣ ወዳጅሽ ምስጢርሽን ካወጣችብሽ፣ ባልሽ ከከዳሽ፣ ይህ 100 ዲናር ነው፤ ያማል። ምሳሌው የሚጠይቀን ዕዳው ዕዳ አይደለም እንድንል ሳይሆን ከእኛ ላይ የተነሣውን እንድናስብ ነው፤ የእኛው 600,000 ጊዜ ይበልጥ ነበርና። የባልንጀራውን ጕሮሮ ያነቀው ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? እርሱ ራሱ ለአሠቃዮች ተሰጠ። ቀድሞ የተፈታለት ሰው ሌላውን ባለመፍታቱ ታሰረ።

በየጸሎታችን ሁሉ የምንደግመው አቡነ ዘበሰማያትም ይህንኑ ይዟል። ጌታችን ጸሎቱን ካስተማረ በኋላ ስለ ዕለት እንጀራችን ወይም ስለ ፈተና ተመልሶ አልተረጐመልንም፤ ተመልሶ የተናገረው ስለ አንዲቱ ልመና ብቻ ነው፤ እርስዋም በደላችንን ይቅር በለን የምትለው ናት። ቂም ይዞ ይህን ጸሎት የሚደግም ሰው በራሱ ላይ ምን ያህል ከባድ ነገር እየለመነ እንደሆነ ያስብ።

አሁን ደግሞ ይቅርታ ያልሆነውን ልናገር ይገባኛል፤ በዚህ ነገር ብዙ ሰዎች ተጐድተዋልና። በአገራችን ባህል ነፍስ ያጠፋ ሰው ወይም ስለ እርሱ የሚለምን ወገን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሟች ቤተ ሰዎች ፊት ይወድቃል፤ ሽማግሌዎችና ካህናትም መስቀል ይዘው ይለምኑለታል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ወገን ይቅር ሲል ነው። እስኪ ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዐት በዳዩ ባዶ እጁን አይመጣም። ሸክሙን በአደባባይ ተሸክሞ ይታያል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣም ይከፍላል። አባቶቻችን ይቅርታንና ፍትሕን ሁለት ጠላቶች አላደረጓቸውም። በግእዝ ቋንቋም ፈትሐ ማለት ፈረደ ማለት ነው፤ ፈታ ማለትም ነው፤ አንድ ግሥ ሁለቱን ይሸከማል።

ስለዚህ ባልዋ የሚደበድባትን ሴት፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽና ቻይው፣ ተመለሺ ብሎ ወደ ዱላው የሚልካት ሽማግሌ ይቅርታን አላስተማራትም። ቂሙን ከልቧ ልታወጣ ትችላለች፤ ለነፍሱም ልትጸልይ ትችላለች፤ ነገር ግን ሕይወቷን ከአደጋ ማራቋ፣ ወደ ሕግም መሄዷ ኀጢአት አይሆንባትም። ይቅርታ በአንድ ሰው ልብ ሊፈጸም ይችላል፤ ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ካልተመለሰ ዕርቁ ሳይፈጸም ይቆያል፤ የተበደለው ሰው ፈውስ ግን በበዳዩ መመለስ ላይ አልታሰረም።

ደግሞም ይቅርታ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይመስላችሁ። ቍስል ታጥቦ፣ ጨርቁ ተለውጦ፣ ቀስ በቀስ ይሽራል እንጂ። ዛሬ ከልቡ ይቅር ብሎ ነገ ያንን ሰው በመንገድ ሲያየው ደሙ የሚፈላበት ሰው አለ። ይህ ሰው ውሸተኛ አይደለም፤ ነገም እንደገና ይቅር ይበል። ቅዱስ ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜን ብሎ ሲጠይቅ ጌታ ቍጥሩን እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ያሳደገው ብዙ ጊዜ ስለሚበድለን ወንድም ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን አንዱን በደል ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ማለት ለሚያስፈልገውም ልብ ይሆናል።

ይህ ነገር በእያንዳንዱ ቤት ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያናችን በራሷ ላይ ታይቷል። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ አባቶች ከተለያዩ በኋላ በአገር ቤት አንድ ሲኖዶስ፣ በስደት ደግሞ ሌላ ሲኖዶስ ሆኖ ከ25 ዓመት በላይ ተቈጠረ፤ እርስ በርስም መወጋገዝ ደረሰ። በባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን በዚህ ምክንያት የአገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛው እየተባሉ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቅዳሴ፣ አንዱ ታቦት፣ አንዱ ቋንቋ ሳለ የአንድ እናት ልጆች በሁለት ደጅ ተሳለሙ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ አባቶች ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ውግዘቱም ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2014 ዓ.ም. ሲያርፉም በስደት ሳይሆን በአገራቸው አረፉ። ውግዘቱ በተነሣ በማግሥቱ ልብ ሁሉ አልሻረም፤ በየደብሩ የቀረ ቅሬታ ነበረ። ነገር ግን ያ እስራት ሳይፈታ ያለፉትን ሽማግሎችና አሮጊቶች፣ የአንድነቱን ቀን ሳያዩ በባዕድ አገር የተቀበሩትን ሳስብ፣ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። የይቅርታ መዘግየት ዋጋው ይህ ነው፤ የሚከፍሉትም ብዙ ጊዜ በጥሉ ውስጥ ያልነበሩ ናቸው።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕለተ ስቅለት አራት ሳምንትና ጥቂት ቀናት ይቀራሉ። በዚያች ዕለት ስትሰግዱ ትውሉና ወደ ካህኑ ቀርባችሁ በወይራ ቅጠል ትጠበጠባላችሁ፤ የቀረውንም ስግደት ትታዘዛላችሁ። ከዚያ በፊት የሚፈለግ ሰው አለ። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ የምትነሡት ለማን ነው? ከቤተ ክርስቲያኑ በዚያኛው በር የሚገባውን፣ እናንተ እንዳታዩት ዐምድ የምትከልሉበትን ሰው ዝለላችሁት የምትሄዱ ከሆነ ሰላምታው ገና አላለቀም። በዚህ ሳምንት ሂዱ። ብቻችሁን መሄድ ቢከብዳችሁ የንስሓ አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሩቅ አገር ከሆነ ስልክ ደውሉ፤ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ምናልባት ከአድማጮቼ መካከል፣ እኔ የተጣላሁት ሰው ሞቷል፣ አሁን ወዴት እሄዳለሁ የሚል ይኖራል። ይህን የሚል ሰው ሸክሙ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት እጅ ከመቃብር በታች ነውና። እርሱም ቢሆን መንገድ አለው። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምትጸልየውን ጸሎት ፍትሐት ብላ የሰየመችው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ሰው የክርስትና ስም ከዘመዶቹ ጠይቁ፤ በቤታችሁ የአባታችሁ ወይም የእናታችሁ ተዝካር በሚታሰብበት ቀን ከራሳችሁ ሙታን ስም ጋር አድርጋችሁ ለካህኑ ስጡት፤ ሲጠራም ቆማችሁ ስሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።