የጢያ የመቃብር ትክል ድንጋዮች



ለመስቀል በዓል ከአትክልት ተራ ወደ ጉራጌ አገር የሚወርድ ነጋዴ፥ የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ በቡታጅራው መንገድ ሲጓዝ ጢያን ያገኛል። በዚያ የቆሙት ትክል ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ሐውልቶች 36 ሲሆኑ፥ ከነዚህ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ በብዙዎቹም ላይ ጎራዴ ይታያል። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ በቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች ግን ከግራኝ ዘመን ይቀድማሉ።

ስሙ ከታሪኩ ባይገጥምም፥ ባላገሩ ድንጋዮቹን ከሚያስታውሰው ትልቅ ዘመን ጋር አያይዞ ለልጅ ልጅ አስተላልፏል። ድንጋዩ ለአጥር ወይም ለጌጥ ከተነቀለ ግን ከሥሩ ያለው መቃብር ምልክቱን ያጣል፤ ድንጋዩም ለማን እንደ ቆመ የሚያስረዳ አይገኝም። ስለዚህ ጥበቃው የሚጀምረው ከመንደሩ ነው። ለበዓል የሚመለሰውም ነጋዴ ጥቂት ቆም ብሎ ይህን ለልጆቹ ቢያስረዳ፥ የጥበቃው ተካፋይ ይሆናል።