ስልካችን የደዋዩን ስም ይጥራልን
(በሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለምና አትስጉ። ስለ ስልክ ጥሪ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም።

እንደሚታወቀው በእድር ወግ ሰው ሲያርፍ ለፋፊው ጥሩንባ እየነፋ በየደጁ ያልፋል። ጥሩንባ ፊደል የቆጠረውንም ያልቆጠረውንም፣ ዐይኑ የሚያየውንም የደከመውንም እኩል ይጠራል። ዛሬ ግን ብዙው መልእክት በስልክ ሆኗል። ስልክ ደግሞ የደዋዩን ስም የሚያሳየው በጽሑፍ ነው። ታዲያ ማንበብ የማይችሉ እናት ምን ያድርጉ? መነጽራቸውን የት እንዳኖሩት የጠፋባቸው አባትስ? ልጅም ይደውል፣ እድርም ይደውል፣ አጭበርባሪም ይደውል ጩኸቱ ያው አንድ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሁሉንም ያነሣል፤ አንዳንዱ ፈርቶ ሁሉንም ይተዋል። በዚህ መካከል የምጥም ሆነ የመርዶ ጥሪ ሳይነሣ ያድራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩ ራሱ የደዋዩን ስም ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ ነው። ይኸውም የገዛ ድምጻችንን ቀድተን ሪንግቶን እናደርገዋለን ማለት ነው።

በአገራችን የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስልኩ የሚጮኸው በአብዛኛው ፋብሪካው በሰጠው ዜማ ነበር። ኋላም ዘፈን በስልክ ለማስጫን ሙዚቃ ቤት ሄዶ፣ ለኮምፒውተሩ ባለቤት ከፍሎ ነበር። አሁንም እንደዚያ የሚመስለን አለን። ዛሬ ግን ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ስልካችን የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ቦርሳን ለማያውቁት ሰው አስይዞ መሄድ ደግ አይደለም። ሥራውን ቤታችን ብንሠራው ስልካችን ከእጃችን አይወጣም።

አንድ ነገር እንለይ። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ማሳመሪያ የሚለው ሌላ ነው። እሱ እኛን የሚደውልልን ሰው የሚሰማው ዜማ ሲሆን ክፍያ አለው። እኛ የምንናገረው በራሳችን ስልክ ላይ ስለሚጮኸው ነው፤ እሱ ሳንቲም አይጠይቅም።

አሠራሩ በቴክኖ፣ በሳምሰንግ፣ በአይቴልና በመሳሰሉት ስልኮች እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን የድምጽ መቅጃ መክፈት። ሬዲዮ አጥፍቶ፣ በር ዘግቶ፣ ስልኩን ወደ አፍ ቀረብ አድርጎ መናገር። ለምሳሌ «እማማ፣ ልጅሽ ነው የደወለው፤ አንሺው» ማለት ይቻላል። በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ፣ አረጋዊው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ቢነገር ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ መቆየት አያስፈልግም፤ ወዲያው ይጀመር።

ሁለተኛ፤ ቀረጻውን አቁሞ በሚታወቅ ስም ማስቀመጥ። የሚቀመጠውም በስልኩ ላይ ይሁን። ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ ካርዱ በወጣ ቀን ድምጹም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛ፤ ስም ዝርዝሩን ከፍቶ የሰውየውን ስም መንካት። በአንዳንዱ ስልክ ከላይ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ሲነኩ፣ በአንዳንዱም ማስተካከያው ውስጥ ሲገቡ ሪንግቶን የሚል ይመጣል። እሱን ነክቶ የቀዱትን መምረጥ ነው። በዝርዝሩ ካልታየ ፋይሉን ሪንግቶንስ ወደሚባለው ማኅደር ገልብጦ እንደገና መሞከር ነው።

አራተኛ፤ ስሙ ሲም ካርድ ላይ ከተመዘገበ ብዙ ጊዜ ይህ ምርጫ አይመጣም። ያን ጊዜ ስሙን ወደ ስልኩ ማዛወር ነው። በመጨረሻም ደውሎ መሞከር።

አይፎን የያዙ ደግሞ ጋራጅ ባንድ በሚባለው ነፃ መተግበሪያ እዚያው ስልኩ ላይ መቅዳትና ሪንግቶን አድርገው ማውጣት ይችላሉ። ርዝመቱ ከ30 ሴኮንድ አይለፍ።

ከዓረብ አገር በዋትስአፕ የሚደውሉ ልጆች ያላችሁ ልብ በሉ። በስልኩ ስም ዝርዝር ላይ ለሰውየው የመረጥነው ሪንግቶን ለዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም። ለዚያ በዋትስአፕ ውስጥ የልጅቱን ስም ከፍቶ፣ የማሳወቂያው ማስተካከያ ላይ ለብቻው መምረጥ ያስፈልጋል።

ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ ወጣቶች የጥሩንባውን ድምጽ ቀድተን ለእድሩ ቁጥር እናድርገው ብለዋል። እኛ አይሆንም እንላለን። ጥሩንባ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ገንዘብ ያዡ ስለ ወር ክፍያ በደወለ ቁጥር ቤቱ ሁሉ እየደነገጠ ነጠላ ሊያዘቀዝቅ ነው እኮ! «የእድር ጥሪ ነው» የሚል ቃል ይበቃል። እንዲሁም «አበዳሪዬ ደወለ» ብሎ የሚቀዳ ሰው ባጃጅ ውስጥ ሊጮኽበት እንደሚችል ያስብ። ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስንገባ ደግሞ ድምጹን እናጥፋ፤ ስንወጣ መመለሱን አንርሳ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሳሰቢያ ይህ ነው። ስልኩ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የልጃችን ስልክ ቢሰረቅና ሌባው ቢደውል «ልጅሽ ነው» ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ በድምጹ ከለየን በኋላም ቢሆን የቴሌብርን የምስጢር ቁጥር ለማንም አንናገር።

ወገኖቻችን፣ ማንበብ አለመቻል ወይም የዐይን መድከም ሰውን ከጎረቤቱ ሊለየው አይገባም። ስለሆነም ማኅበራችን በእያንዳንዱ ቤት ያለ ተማሪ ለአያቱ፣ ለእናቱ ወይም ለጎረቤቱ አረጋዊ አምስት ቁጥሮችን እንዲያዘጋጅ ይጠይቃል፤ ከልጆች ሁለት፣ ከጎረቤት አንድ፣ የእድሩ ጸሐፊና ቤተሰቡ የሚገለገልበት ጤና ጣቢያ። ተማሪ የሌለበት ቤት ከወርኃዊ ስብሰባ በኋላ ስልኩን ይዞ ወደ እኛ ይምጣ፤ ባለቤቱ እያየ እናስተካክላለን። ቻርጅ አድርጋችሁ አምጡ።