ከድንጋይ ከሰል ማውጫ በታች ያለ ውሃ
ለእርዳታና ለሠፈራ ሥራ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር



በድርቅና በሠፈራ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ስለ ውሃ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ማነሱን ነው። ዝናብ ቀረ፣ ምንጭ ደረቀ፣ ጉድጓድ ጎደለ እንላለን። ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሌላም ገጽታ አለው። ይኸውም የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርበት አካባቢ የከርሰ ምድሩና የገጸ ምድሩ ውሃ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ለውጡም በሕዝብ ላይ ጉዳት ከማድረሱ በፊት በምን ዐይነት ክትትል ሊታወቅ እንደሚችል ነው።

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የድንጋይ ከሰል ከሚገኝባቸው ሥፍራዎች መካከል በኢሉባቦር ያዩ፣ በጅማ አካባቢ ደልቢና ሞዬ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ይጠቀሳሉ። ኢሉባቦር በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ የወሎና የትግራይ ወገኖች እንዲሠፍሩ ከተደረገባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደነበረ ይታወሳል። በቅርብ ዓመታትም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ በሚገባው ከሰል ፈንታ በአገር ውስጥ ምርት እንዲጠቀሙ በመደረጉ ቁፋሮው ተስፋፍቷል። እንግዲህ ከድርቅ ሸሽቶ ውሃ ወዳለበት አገር የመጣ ገበሬ መኖሪያው ከከሰል ማውጫ በታች ቢሆን፣ የሚቀዳው ምንጭ ደኅና መሆኑን ማን ይነግረዋል?

ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በውሃው ብዛት ላይ የሚደርሰው ነው። ከሰሉ የሚገኘው ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ሲሆን፣ የማዕድኑ ጉድጓድ እንዲደርቅ ቀንና ሌሊት በፓምፕ ውሃ ይሳባል። በዚህ ጊዜ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ወደ ጉድጓዱ ያዘቀዝቃል፤ የገበሬው የእጅ ጉድጓድ ይጎድላል፣ ምንጩም ይቀጥናል። ያ ዓመት ዝናብ ያነሰበት ከሆነ ሁሉም ነገር በድርቅ ይሳበባል። በአንጻሩም እውነተኛ ድርቅ ሲደርስ ማዕድኑ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ቀደም ብሎ የተያዘ ልክ ከሌለ ይህን ክርክር የሚፈታ ዳኛ አይገኝም።

ሁለተኛው በውሃው ጥራት ላይ የሚደርሰው ነው። ከሰሉና በዙሪያው ያለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ውሑድ ይዞ ይገኛል። ይህ ውሑድ ከመሬት በታች ተቀብሮ ሳለ ጉዳት የለውም። ተቆፍሮ ወጥቶ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም በተራው ከድንጋዩ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ እያሟሟ ይወስዳል።

የእርዳታ ሠራተኞች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን መጨመር አይፈውሰውም፤ ክሎሪን የሚገድለው ተሐዋስያንን እንጂ የሟሟ ማዕድንን አያስወግድምና። ማፍላትም ውሃውን እያተነነ የማዕድኑን መጠን ያበዛዋል። ለተቅማጥ በሽታ መከላከያነት የለመድነው ዘዴ በዚህ ሥፍራ አይሠራም ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን በአህጉራችን የደረሰ ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ፣ ምፑማላንጋ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ካሮላይና የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። የመጠጥ ውሃዋ የሚመጣው ቦስማንስፕሩይት ከተባለ ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2012 የግድቡ ውሃ በድንገት ተለወጠ። የአሲድነት መለኪያው፣ ማለትም ፒ ኤች፣ ወደ 3.7 ወረደ። በዚህ መለኪያ 7 መካከለኛው ሲሆን፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ 3.7 ከ7 ጋር ሲነጻጸር ወደ 2000 እጥፍ ይጠጋል። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማንጋኒዝና ሰልፌትም ለቤት ፍጆታ ከሚመከረው መጠን እጅግ አለፉ። ሲመረመርም ከከሰል ማውጫዎች የመጣው ብክለት በአንድ ገባር ጅረት ላይ በሚገኝ ረግረግ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደቆየና ከባድ ዝናብ ጠርጎ ወደ ግድቡ እንዳስገባው ታወቀ። ነዋሪው በቦቴ መኪና የሚመጣ ውሃ ጠባቂ ሆነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ለነዋሪዎቹ እንዲቀርብ አዘዘ።

ዝናብ እኛ ዘወትር የምንማጠነው በረከት ነው። በካሮላይና ብክለቱን ተሸክሞ የመጣው ግን ዝናብ ነበር። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ ክትትል ከግድቡ ወይም ከቧንቧው ሳይሆን ከትንሿ ገባር መጀመር አለበት። በግድቡ ላይ ብቻ የሚለካ ሰው አደጋውን የሚያውቀው ከጠጪው ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ ክትትሉ የሚከተሉትን ቢያሟላ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ልኬቱ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት፣ ቢያንስ በጋንና ክረምትን በሚያዳርስ ሙሉ ዓመት ይያዝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሥራው እንዲቀድም መደንገጉ ይታወሳል።

ሁለተኛ፣ ከማዕድኑ በላይ፣ ከማዕድኑ በታች፣ እንዲሁም ከማዕድኑ ራቅ ባለ ሥፍራ የሚለኩ ጉድጓዶችና ጅረቶች ይመረጡ። ሁሉም ጉድጓዶች አብረው ከጎደሉ ድርቅን እንጠረጥራለን፤ የቅርቦቹ ጎድለው የሩቁ ካልጎደለ ግን ፓምፑን እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ቀላሉ ልኬት አይናቅ። የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት በሜትር ገመድ ይታወቃል። የምንጭ ጉልበት ደግሞ በጀሪካንና በሰዓት ይለካል፤ 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። ፒ ኤች በቆይታ ስለሚለወጥ በሥፍራው ይለካ። ለላቦራቶሪ በሚላከው ጠርሙስ ላይም ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ሰልፌት በልዩ ትኩረት ይታይ። አፈሩና ድንጋዩ ኖራ ያለበት ከሆነ አሲዱን ስለሚያበርደው ፒ ኤች ለጊዜው ደኅና መስሎ ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ ሰልፌቱ ከፍ ማለቱ ቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው።

አምስተኛ፣ ክትትሉ ማዕድኑ ሲዘጋ አይቋረጥ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ባዶውን ጉድጓድ እየሞላ ይነሣል፤ ከዓመታት በኋላም በዝቅተኛው ሥፍራ በኩል ብክለቱን ይዞ ሊፈልቅ ይችላል።

ከዚህ ላይ በአገራችን የከሰል ሥፍራዎች የካሮላይና ዐይነት ጉዳት ደርሷል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከሰልም ለአገር ኢንዱስትሪ የሚያስፈልግ ሀብት ነው። የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ልኬቱ በኩባንያው መዝገብ ወይም በቢሮ መሳቢያ ብቻ ተዘግቶ እንዳይቀር። ቅጂው በቀበሌው ይኑር፤ በየወሩም በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ለሕዝቡ ይነበብ። በየቀኑ ከምንጩ የምትቀዳው እናት የውሃውን ጣዕምና ቀለም ለውጥ፣ በድንጋዩ ላይ የሚረጋውን ብርቱካንማ ዝቃጭ ከማንም ቀድማ ታያለች። የምትናገረው ቃል በመዝገቡ የሚገባበት ዓምድ ሊኖር ይገባል።

ክቡራን ተካፋዮች፤

ውሃ በቦቴ ማመላለስ ምን ያህል ነዳጅ፣ ምን ያህል መኪና፣ ምን ያህል የሰው ድካም እንደሚጠይቅ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። አንድ የሜትር ገመድ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ በወጉ የተያዘ መዝገብ በጊዜው ቢቀድሙ፣ ያ ቦቴ በእውነት ዝናብ ለቀረበት ወገን ይደርስ ነበር። የውሃ ሥራ ባልደረባ ባለበት ወረዳ ሁሉ፣ ከሰል ሊቆፈር ነው የሚል ወሬ እንደተሰማ የመጀመሪያው ልኬት በዚያው ወር ይጀመር ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።