ሳንባው ለደከመ ሰው ኦክሲዥን መቼ ይጠቅማል?

(አንድ የጤና መኮንን ለቤተ ሰቦች ያደረገው ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ የሳንባን የአየር መንገድ ቀስ በቀስ እያጠበበ ስለሚያደክም የማይለቅ በሽታ ነው። በሽታው ይበልጡን የሚመጣው ከትንባሆ ጢስና በቤት ውስጥ ከሚነደው ከእንጨትና ከኩበት ጢስ ነው። የያዘው ሰው ሳል አይለቀውም፤ አክታ ይበዛበታል፤ ዳገት ሲወጣ፣ እየባሰ ሲሄድም ልብሱን ሲለብስ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቤተ ሰብ ይኸንን ሲያይ «በሬውም ይሸጥና ኦክሲዥን ይገዛለት» ይላል። ሐሳቡ የፍቅር ነው። ነገር ግን በሬው ከመሸጡ በፊት ኦክሲዥን በቤት ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንንም እንደማይጠቅም ማወቅ ይገባል። ይኸም በግምት ሳይሆን በፈተና የታወቀ ነገር ነው።

ፈተናው እንዴት ነው ብትሉ፣ ገበሬ አዲስ ዘር ሲመጣለት የአንዱን ማሳ እኩሌታ በአዲሱ፣ እኩሌታውን በነባሩ ዘርቶ ምርቱን ያስተያያል። አዲሱን በለም መሬት፣ ነባሩን በጭንጫ ቢዘራ ግን ፍርዱ አይቀናም። ሐኪሞችም ሕመማቸው የሚመሳሰል ተመላላሽ በሽተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ሕክምናውን ይሰጣሉ፤ ለሌላው አይሰጡም። ዕጣው የሚጣለው አድልዎ እንዳይገባ ነው።

በብሪታንያ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲዥን እጅግ ያነሰ 87 ሰዎች እንዲህ ተከፈሉ። 42ቱ በየቤታቸው በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክሲዥን እንዲስቡ ተደረገ፤ ለ45ቱ አልተሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ውጤት፣ በ5 ዓመት ውስጥ ከተሰጣቸው 19፣ ካልተሰጣቸው 30 ሰዎች ሞተው ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ 203 ሰዎች የገቡበት ፈተናም፣ ሌሊት ብቻ ከሚስቡት ይልቅ ቀንም ሌሊትም የሚስቡት በሕይወት መቈየታቸውን አሳይቷል።

እንግዲህ «ለከባዱ ከጠቀመ ለቀላሉማ እንዴት አይጠቅምም!» የሚል አይጠፋም። ይኸም ተፈተነ። በአሜሪካ ኦክሲዥናቸው በመጠኑ ብቻ የቀነሰ 738 ሰዎች ተከፍለው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲወጣ፣ ኦክሲዥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው የበለጠ ዕድሜ አላገኙም፤ ሆስፒታል መግባታቸውም አልቀነሰም።

ስለዚህ ትንፋሽ ማጠር ብቻውን በሬ አያሸጥም። መለካት ይቀድማል። በጣት ላይ የምትደረግ ትንሽ መለኪያ አለች። በሽተኛው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ 88 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ብታሳይ፣ ሐኪም ደግሞ መርምሮ ያዝዛል። በድንገት ትንፋሹ የባሰበትን፣ ከንፈሩ የጠቈረውን ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

በቤቱ ኦክሲዥን የታዘዘለት ካለ እነዚህን ጠብቁ፦

1ኛ/ ኦክሲዥን እሳትን ያባብሳል። ምድጃ፣ ሻማ፣ የዕጣን ማጨሻና የቡና ከሰል ከአጠገቡ ይራቁ፤ ትንባሆም በቤቱ አይጨስ።

2ኛ/ ቅቤ ወይም ዘይት በነካው እጅ የጠርሙሱን መክፈቻ አትንኩ።

3ኛ/ «ይበልጥ ይርዳው» ብላችሁ ሐኪሙ ከወሰነው መጠን አትጨምሩ። ሲበዛ የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ ሊጠራቀምና በሽተኛውን ሊያደነዝዘው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ኦክሲዥን የተጐዳውን ሳንባ አያድስም። በሽተኛው ኦክሲዥን እየሳበ ምድጃው ቤቱን ጢስ ከሞላው፣ በአንድ በኩል እያከምን በሌላው እያቈሰልን ነው። ማድ ቤቱን ከመኝታ ለዩ፤ ለጢሱ መውጫ አብጁ፤ እንጨቱ ደርቆ ይንደድ፤ ሕፃን ታዝሎ ምድጃ አጠገብ አይዋል፤ ትንባሆ የሚያጨስም ይተው። ይኸ ሁሉ በሬ ሳይሸጥ ሊጀመር የሚችል ሕክምና ነው፤ ገና ያልታመመውንም ይጠብቃል።