ስታዲየሙ ከከተማው አይውጣ
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ውድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፦

ስለ ስታዲየም ተናገር ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የገዛ ስህተቴ ነው። ኮምቦልቻ ግቢ ሲቪል ምህንድስና ስማር፣ ለመመረቂያዬ 30,000 ሰው የሚይዝ የደሴ ስታዲየም ነደፍኩ። ጣሪያው ያምራል፣ የመኪና ማቆሚያውም ሰፊ ነው። መምህሬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሜዳ ደሴ ላይ ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ደሴ ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። የእግር ኳስ ሜዳ ደግሞ ብቻውን 105 በ68 ሜትር ይፈልጋል። የሩጫ መም ሲጨመርበት ቦታው ይሰፋል፣ ተመልካቹም ከጨዋታው ይርቃል። ስለዚህ ከወዳጆቼ ብዙዎቹ «ሆጤ ጠቦናል፤ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ይሠራ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አይውጣ ባይ ነኝ።

እስቲ አሜሪካኖችን እንይ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለቤዝቦልና ለራሳቸው እግር ኳስ አንድ ላይ የሚያገለግሉ፣ በመኪና ማቆሚያ የተከበቡ ግዙፍ ክብ ስታዲየሞች ሠሩ። በ1992 ግን ባልቲሞር ካምደን ያርድስን መሀል ከተማ ላይ ከፈተች። አሮጌውን የባቡር መጋዘን አላፈረሱትም፤ የስታዲየሙ ውበት አደረጉት። ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ቦስተን ያለው በ1912 የተከፈተው ፌንዌይ ፓርክ ደግሞ በግራ በኩል መንገድ ስለሚያጥረው ሜዳው አጭር ነው፤ በዚያ በኩል 11 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ቆሟል። ዛሬ መለያው ያ ግንብ ነው። እርግጥ የቤዝቦል ሜዳ የውጭ ድንበሩ ቋሚ ልክ የለውም፤ የእኛ እግር ኳስ አራት ማዕዘኑን አይለቅም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ የቦታው ችግር የንድፉ መነሻ ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ያነሳነው መሀል አዲስ አበባ ባለው ስታዲየም ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር እስከመጫወት ደርሶ ነበር። የባህር ዳርን የሚያህል ስታዲየም እያለን የካፍን መስፈርት ማሟላት አቃተን። ታዲያ የጎደለን ግዝፈት ነው? አይደለም። የሚታየው የሣሩ ጥራት፣ መልበሻ ክፍሉ፣ መጸዳጃው፣ ወንበሩና መውጫ በሩ ነው።

ስለዚህ ለሆጤ የምመኘው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የክረምቱ ውሃ መሄጃ ያግኝ፤ ከዳገት የሚወርድ ጎርፍ ሳይያዝ የተተከለ ሣር ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ በቂ መውጫና ንጹሕ መጸዳጃ ይኑረው፤ እናቶችና እህቶች የሚቀሩት ኳስ ስለማይወዱ ብቻ አይምሰላችሁ። ሦስተኛ፣ ተዳፋቱ ራሱ እርከን ወንበር ይሁን፤ አፈሩ ሲመረመርና ሲደገፍ ብዙ ኮንክሪት ይቆጥባል። ሰፊ መም የሚፈልገውን አትሌቲክስ ሐረጎን ወርዶ ሜዳማው ኮምቦልቻ ይያዘው። ከሙጋድም ከአራዳም በእግሩ የሚመጣው ሕዝብ ግን ሜዳውን አይቀማ። ከከተማ የወጣ ስታዲየም የታክሲ ሒሳብ አለበት፤ ሒሳቡ የሌለው ልጅ ደጅ ይቀራል።

መምህሮቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ሆጤን የመመረቂያ ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው። ቦታውን ይለኩ፣ አፈሩን ይመርምሩ፣ ውሃውን ይከተሉ። የትራንስፖርቱንና የላቦራቶሪውን ወጪ እኛ ምሩቃን እናዋጣ፤ የመጀመሪያውን እኔ እከፍላለሁ። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም!

ያኔ መምህሬ «ሜዳውን ከየት አገኘኸው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ፦ ጋሼ፣ ሜዳውስ ድሮም ነበረ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።